ከማደባለቂያ ክፍል የመጣ ወተት

ኤዲልቤርቶ ባራንኪያ ከተማ ዳር ባለ የፕላስቲክ ቧንቧ ፋብሪካ ዱቄት መዛኝ ነበር። ፕላስቲኩ ሲቀልጥ እንዳያር የሚጨመርበትን ነጭ ዱቄት ቀኑን ሙሉ በአካፋ ይዝቃል። ዱቄቱ እርሳስ አለበት፤ መርዝ ነው። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ፋብሪካው ለማደባለቂያ ክፍል ሰዎች በየቀኑ አንድ አንድ ጠርሙስ ወተት ያድላል። ወተት ማርከሻ ነው ይባላል። ማን እንዳለው እግዜር ይወቅ! ብቻ አለቃውም ሠራተኛውም አምኖበት ይኖራል።

ኤዲልቤርቶ ግን ወተቱን ቀምሶት አያውቅም። ቤት ማሬልቢስ አለቻ! አንድያ ልጁ፣ የዓይኑ ብሌን። ጠርሙሱን ቱታው ኪስ ውስጥ ሸጉጦላት ይወጣል።

"አንተ ሞኝ፣ ለራስህ ጠጣው እንጂ!" ይለዋል የሥራ ጓደኛው ዊልፍሪዶ። "ትሞትና ሚስትህን አገባታለሁ!"

"ኧረ ባክህ! አንተን ከምታገባ መመንኮስ ይሻላታል።"

ልጅቱ ከደጅ ሮጣ ትጠመጠምበታለች። ቱታው ላይ ፊቷን ቀብራ ኪሱን ትበረብራለች፤ ክዳኑንም በጥርሷ ትከፍተዋለች። እሱ ስትጠጣ ሲያያት ድካሙ ይጠፋል።

ትምህርት ቤት በገባች ዓመት ሆዷን ያማት ጀመር። ቀጥሎ የቆጠረችውን ፊደል ረሳች። እናቷ ኑሪስ የሰው ዓይን ነው ብላ ቀይ ዶቃ አሰረችላት። አልሆነም። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ወሰደቻትና ደሟ ተመረመረ። ኤዲልቤርቶም ከሥራ እንደወጣ ወደዚያው ሮጠ።

"ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል" አለች ሐኪሟ። "ከየት ነው የምታገኘው?"

ኤዲልቤርቶ አጎንብሶ ቱታውን አየ። የኪሱ ስፌት በነጭ ዱቄት ተጋግሯል።

"ከእኔ ነው" አለ። "ማርከሻውን... ወተቱን ሳመጣላት።"

"ወተት እርሳስን አያረክስም። ለእርስዎም አይጠቅምዎትም ነበር።"

"ልጄ ትድናለች?"

"ሆዷ ይሻላታል። ጭንቅላቷ የተጎዳው ግን... እንጃ።"

ወይ አበሳ! ጠላት ቢያደርገው ይረገማል፤ አባት በፍቅር ያደረገውን ምን ይሉታል?

ቤት ሲደርሱ ኑሪስ "ቱታህን ከልብሷ ጋር የዘፈዘፍኩትስ እኔ አይደለሁ?" ብላ ተንሰቀሰቀች።

ኤዲልቤርቶ ሥራውን ለቆ ገበያ ተሸካሚ ሆነ። ማሬልቢስ ዛሬ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፤ ስሟን ግን መጻፍ አትችልም። አባቷ ሲገባ "አባዬ፣ ወተቴስ?" ትላለች። ከሱቅ ገዝቶላት ይመጣል። እጁን በሳሙና እስኪላጥ ያሻል፤ ከታጠበም በኋላ ግን ጠርሙሱን ለሚስቱ ያቀብላል።

"አንቺ ስጫት" ብሎ ወደ ጓሮ ይወጣል።