መሬት የሚያዳምጡት ሰዎች

እዚህ ደብረ ታቦር፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ዳምጠው የሚባለው ከባድ መኪና መንገዱን ሲደለድል ወለሉ በስሱ ይንቀጠቀጥና እግሬን ይነዝረኛል፤ ያኔ ሳላስበው ይፋግ አጠገብ ወዳለው ማሳችን፣ ወደ አንድ የልጅነቴ ጥር እመለሳለሁ።

ጤፉ ታጭዶና ተወቅቶ፣ ማሳው ባዶውን በቀረበት በጋ ነበር የመጡት። ከመሬት በታች ነዳጅ ይኑር አይኑር የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎች በየማሳው በተርታ እየተከሉ ያልፉ ነበር፤ እኔም ጨርቆቹ በነፋስ ሲውለበለቡ እያየሁ ሠርግ የመጣ ይመስለኝ ነበር። እማዬ ግን ደሟ ፈላ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስንቱ ሲያሰፈስፍባት የኖረች መሬት ላይ፣ ደግሞ ችካል! አንድ ጠዋት ከእኛ ማሳ አንድ በአንድ ነቅላ ጎተራ ውስጥ ከተተቻቸው።

በማግስቱ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ባርኔጣ ያደረገ ረጋ ያለ ሰው፣ ደጃችን መጥቶ ቆመ።

«እናቴ፣ መሬትዎን አንወስድም።»

«ችካል ተክሎ መሬት ያልወሰደ የት አየህ?» አለችው።

ሰውየው ሳይከራከር ወደ መኪናው ወሰደን። አንድ ከባድ መኪና ምድሩን ሲያንቀጠቅጥ፣ መሬት ላይ የሚሰኩት ትናንሽ መስሚያዎች ከሥር የሚመለሰውን ድምፅ እንደሚለቅሙ ነገረን፤ እሷ ግን ፊቷን አልፈታችም። መስሚያዎቹን ማሳችን ላይ አሰካና «እስኪ ይራመዱበት» አላት። ሞተሩ ጠፋ፤ ሁሉም ጸጥ አለ። እማዬ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ መራመድ ስትጀምር፣ መኪናው ውስጥ ባለው ስክሪን ላይ የሚታየው መስመር በእያንዳንዱ እርምጃዋ እንደ ተራራ ሲነሳ አየሁ። እናቴ ያን ያህል ትልቅ መሆኗን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ስትመለስ አለቃው መስመሩን አሳያት፤ እሷም «ታዲያ መሬቴ ታውቀኛለቻ!» አለች።

ችካሎቹን ከጎተራ አውጥታ ከሰዓት በኋላ ራሷ ተከለቻቸው፤ ግን በእነሱ መስመር ሳይሆን በማሳችን ወሰን ዙሪያ። አለቃው ሆዱን ይዞ ሳቀና የራሱን መስመር በሌላ ችካል እንደ አዲስ ለካ።

ሰዎቹ ነዳጅ አገኙ ሳይባል ሄዱ። ክረምት ገብቶ ጤፉ ሲበቅል ቀዮቹ ጨርቆች ዙሪያውን እየነተቡ ይረግፉ ነበር፤ እኛን ግን ከዚያ መሬት የነቀለን የለም።

ዛሬ እማዬ አርጅታ እኔ ዘንድ ናት። ያኔ ምድር የሰማችው እርምጃዋ አሁን ከመኝታ ቤት ሳሎን እስክትደርስ እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮኑን አጥፍቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ እንደነዚያ ሰዎች አዳምጣለሁ፤ ነጠላ ጫማዋ ወለሉን ሲነካ እስክሰማ ልቤ አይረጋም።