ሲቆሙ ቀሚስ፣ ሲተኙ ሱሪ

ልብስ ስፌት የጀመርኩት እንደ ሌላው ሰው ተሰጥኦ ኖሮኝ አይደለም። እናቴ እግሬን አልሰቅልም ስላለች ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴ ከአዲሱ ገበያ ሽንኩርት ገዝታ ስትመለስ፣ የሰፈራችን ዳገት ላይ ኮብልስቶኑ አዳለጣትና ወደቀች። ሽንኩርቱ አንድም ሳይጎዳ ተለቅሞ ቤት ገባ። የእሷ ጉልበት ግን ተሰነጠቀ። ጄሶ ታሰረላት፤ ጊዜው ሲደርስም ተፈታላት፤ ጉልበቷ ግን ጄሶው እንዳለ ሁሉ ድርቅ ብሎ ቀረ። ሐኪሙ እንቅስቃሴ ካልሠራች እንደዚሁ እንደሚቀር፣ ከዚያ ወዲያ ዳገት መውጣትና መውረድ የሚባል ነገር እንደማይኖር ምንም ሳያለዝብ ነገራት። ቤታችን ያለው ደግሞ ዳገቱ አናት ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ፣ የጸሎት እህቶቿ፣ ገበያዋና የምትጨቃጨቃቸው ነጋዴዎች በሙሉ ያሉት ታች ነው። እናቴ በቀን አንድ ሰው ካልተጨቃጨቀች እህል አይዋጥላትም። ግቢ ውስጥ ከቀረች ለጭቅጭቁ የምተርፈው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ጉዳዩ ለሁለታችንም የሞት ሽረት ነበር።

ፊዚዮቴራፒ በሄድንበት የመጀመሪያ ቀን የተቀበለችን ባለሙያ ፈገግታ የማያልቅባት ወጣት ነበረች።

“እማማ፣ አልጋው ላይ ጋደም ይበሉና እግርዎን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሡ” አለቻት።

እናቴ ዙሪያዋን ቃኘች። በየአልጋው ሌሎች ታካሚዎች አሉ፤ ግማሾቹ ወንዶች ናቸው። ከዚያ ቀሚሷን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ሁሉን ነገር ያቀነባበርኩት እኔ ይመስል።

“እግሬን ሰቅዬ?”

“አዎ እማማ፣ ትንሽ ብቻ።”

“እዚህ ወንድ ፊት?”

“ሁሉም በራሱ ሕመም ተጠምዷል፤ ማንም አያይዎትም። ካልሆነ ለሚቀጥለው ሱሪ ለብሰው ይምጡ፣ በቃ።”

ሱሪ የሚለውን ስትሰማ እናቴ ከዘራዋን አነሣች። ልትማታ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ለካ ወደ ቤቷ መሄዷ ነው።

እናቴ ጌታን የተቀበለችው በልጅነቷ ነው። በዚያን ጊዜ ሴት የወንድ ልብስ እንዳትለብስ አጥብቀው አስተምረዋታል፤ ጥቅሱን ዛሬም ከነምዕራፉ በቃሏ ትወጣዋለች። ዘንድሮ የራሷ ቤተ ክርስቲያን ሴት መዘምራን ሳይቀሩ ሱሪ ለብሰው ይመጣሉ። እነሱን ይቅር ብላቸዋለች፤ ይቅርታው ግን እሷን አይጨምርም። እኔ ጠዋት ሱሪ ለብሼ ወደ ቢሮ ስወጣ ከኋላዬ የምታወርደው ጸሎት፣ ለዘማች የሚጸለይ ይመስላል።

ሁሉንም ሞከርኩ። የተዘጋጀ የስፖርት ሱሪ ገዝቼ አመጣሁላት፤ ገላ ላይ ይለጠፋል ብላ እጇን እንኳ አልዘረጋችለትም። ታች ያለው ልብስ ሰፊ ይለካሽ ብላት፣ “ወንድ ሜትር ይዞ ወገቤን ሊዞረው?” አለችና ነገሩ ተዘጋ። ጸሎት እንጂ ስፖርት አያድነኝም አለች። ሐኪሙንስ የፈጠረው ማን ነው ብላት፣ ሐኪሙን ፈጥሮት ሊሆን ይችላል፣ ሱሪውን ግን አልፈጠረውም አለች።

አንድ ቀን ጠዋት ጫማዬን ሳስር፣ የበሩን መቃን ይዛ ደፍ ልትሻገር ስትታገል አየኋት። ደረቁን እግሯን መጀመሪያ ወደ ውጪ አሳለፈችና፣ ሌላውን ልታስከትል ስትል ፈርታ ተመለሰች። ከዚያ ዞር ብላ ማየት አለማየቴን አረጋገጠች። ያላየሁ መሰልኩ። ይህች ሴት በሁለት እግሯ ከተማውን የዞረች ናት፤ አሁን ገና ሳትሸመግል የደፍ እስረኛ ልትሆን ነው።

ማታውኑ አንድ ሐሳብ ይዤ ገባሁ። ቢሮ ውስጥ ያሉ ልጆች የሚለብሱት፣ ሲራመዱበት ቀሚስ የሚመስል እግሩ ሰፊ ሱሪ አለ።

“ሲቆሙ ቀሚስ፣ ሲተኙ ሱሪ” አልኳት።

“ቦላሌ በይኛ!”

“ቦላሌ አይደለም። ሱሪነቱን የምታውቂው አንቺና እግዚአብሔር ብቻ ናችሁ።”

አሰበች። “ማን ይሰፋዋል?”

“እኔ።”

ከወደቀች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋን ስሰማ ደስ አለኝና የምር እንደምሰፋው ማልኩላት። አፍ ዳገት አይፈራም።

በእውነቱ ቤታችን የስፌት መኪና አለ። ለእናቴ ስትዳር የተሰጣት፣ በእግር የሚነዳ፣ ብረቱ የማይነቃነቅ ነው። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ሰፍታበት አታውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ዳንቴል ለብሶ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ኖሯል። ቴሌቪዥኑን አውርጄ ወንበር ላይ ሳስቀምጠው፣ እናቴ ቤቱ እንደፈረሰባት ሁሉ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መኪናው ዘይት ሲጠጣ እንደ ሽማግሌ ከሳለ በኋላ መሥራት ጀመረ። ወደፊት ስነዳው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ክሩን ይበጥስና ቆሞ ያየኛል። ሠርቶ በማያውቅ ሰው እጅ መግባቱን ያወቀ ይመስለኛል።

አስተማሪዬ ስልኬ ላይ ያገኘኋት አንዲት ሴት ናት። ቪዲዮዋ “ለጀማሪዎች፣ እጅግ ቀላል” ይላል። ጥፍሯ ከመርፌው ይረዝማል፣ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ የክር ቁራጭ እንኳ የለም። ጨርቁን እንደ ቅቤ ቆረጠችው፣ ፈገግ አለች፣ ሱሪው አለቀ። መካከሉ ላይ ምን እንደተፈጠረ ደጋግሜ ባየውም እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቪዲዮዋ ውስጥ የምትለካው ሴት ስስ ልብስ ለብሳ ቀጥ ብላ ቆማለች። የእኔዋ ተለኪ ቀሚስ ለብሳለች፣ ከሥሩ የውስጥ ቀሚስ አለ፣ ከላይ ሹራብ ደርባ ወገቧን በሻርፕ ጥፍር አድርጋ አስራለች።

“እማዬ፣ ቢያንስ ሹራቡን አውልቂው። ሻርፑንም ፍቺው።”

“ብርዱን አታይም? ከላይ ለኪ።”

“ከላይ ከለካሁ እኮ ልብሶችሽን ነው የምለካው!”

“ልብሴም የእኔ ነው።”

ዳሌዋ ላይ ሜትሩ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ደግሞ በለካሁ ቁጥር “ለቀቅ አድርጊው፣ ረዘም አድርጊው፣ ሲታጠብ ይሰበሰባል” ትላለች። ይህችን ዜማ በደንብ አውቃታለሁ። በልጅነቴ የገዛችልኝ ዩኒፎርም ሁሉ “ታድጊበታለሽ” እየተባለ እጅጌው እስከ ጣቴ ጫፍ የሚደርስ ነበር፤ ጫማዬ አፍንጫው ላይ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት ነው ትምህርት ቤት የገባሁት። በልኬ የሆነ ልብስ የለበስኩት ደሞዝተኛ ስሆን ነው።

“ልታድጊበት ነው እንዴ?” አልኳት።

“ምን ታውቂያለሽ?” አለችኝ።

እንግዲህ ልክ ብዬ የያዝኩት፣ አንዲት ሴት፣ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ሻርፕና የማደጊያ ቦታ ተደምረው ነው። ይህንን ይዤ አዲሱ ገበያ ጨርቅ ነጋዴው ጋ ሄድኩ። የፈለግኩትን ሜትር ስነግረው ጣቃውን መዘርጋቱን አቁሞ አየኝ።

“ለምንድን ነው እህቴ?”

“ለሱሪ።”

“ለስንት ሰው?”

ለአንድ አልኩት። “ማሻ አላህ” አለና መቁረጡን ቀጠለ።

ጨርቁ ጥቁር ሰማያዊ፣ ለስላሳና ተንኮለኛ ነበር። መሬት ላይ ዘርግቼ በሳሙና ሳሰምርበት ይንሸራተታል፤ በግራ ሳስተካክለው በቀኝ ይሸሻል። እናቴ ደረቅ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ አመራር ትሰጣለች። መቀሱን እንዴት እንደምይዝ ነገረችኝ። ቀስ በይ አለችኝ፤ ደግሞ ፍጠኝ፣ ድራማው ሊጀምር ነው አለችኝ። ምን የመሰለ የስፌት ሊቅ በቤታችን ተቀምጦ ሳይሰፋ መኖሩ የአገር ጉዳት ነው።

ቆረጥኩ፣ ገጣጠምኩ፣ ቅዳሜን ሙሉ ነዳሁ። ሳነሣው ሱሪ አይደለም። የት ላይ ምን ከምን ጋር እንዳገናኘሁ አላውቅም፣ ብቻ እግር የሚባል ነገር የለውም። አንድ ትልቅ ወጥ ከረጢት ሆኗል። እናቴ ከተቀመጠችበት ልትነሣ ምንም አልቀራትም።

“ይኸው! ጌታ ሠራ! ቀሚስ አደረገው!”

“ጌታ አይደለም፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።”

“አትንኪው፤ እንዲህ እንዳለ ስጪኝ።”

“እግርሽን በምን ልትሰቅዪ ነው?”

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስፌቱን አንድ በአንድ ስተረትር ዋልኩ። እሷ ከአጠገቤ ተቀምጣ የተተረተረውን ክር እየለቀመች ጣቷ ላይ ጠቀለለች። አንድ ጊዜ እንኳ አላሾፈችም። ለካ እሷም ፈርታለች። ካሾፈችብኝ እንዳልተወው ነው የፈራችው፤ ያን ስረዳ መተርተሩን በእርጋታ ያዝኩት።

በሁለተኛው ሙከራ እግር አወጣ። ሁለቱ እግሮች እኩል አይደሉም፤ የግራው ትንሽ ይጠማዘዛል። ወገቡ ለብቻው ሲለበስ በአንድ ጊዜ ወደ ወለሉ ስለሚወርድ ወፍራም ላስቲክ አስገብቼ ሰበሰብኩት። እናቴ ለበሰችው። ጨርቁ ዙሪያዋን ተዘርፍፎ ወለሉን ይጠርጋል። መስታወቱ ፊት ቆማ በግራ አየችው፣ በቀኝ አየችው፣ አንዱን እግር በጣቷ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።

“ይሄ ሱሪ ነው ብሎ የሚመሰክርብኝ ሰው የለም” አለች።

እንደ ሙያ ምስክርነት ከዚህ የሚበልጥ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። እሷ ግን ደስ ብሏት ነው የተናገረችው። ትንሽ ልጥበበው፣ ርዝመቱንም ልቁረጠው ብላት መቀሱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ቁርጭምጭሚቷ የታየ ዕለት ነገሩ ሱሪ ይሆናል፤ በሥነ መለኮት በኩል ያለው ወሰን እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ የለበሰችው ቀን ከጸሎት እህቶቿ አንዷ መንገድ ላይ አገኘችን። “እንዴት ያለ ቀሚስ ነው! የት አገኘሽው?” አለቻት። እናቴ “ጌታ ይመስገን” ብላ አለፈች። መዋሸት ኃጢአት ነው፤ ማመስገን ግን ኃጢአት ሆኖ አያውቅም።

እዚያው ክፍል፣ እዚያው አልጋ ላይ፣ ወንዱም ሴቱም ባለበት፣ እናቴ ጋደም ብላ እግሯን አነሣች። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ብቻ። ከንፈሯን ነክሳ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ በሹክሹክታ እየዘመረች። እንዲያ እያለች ሳምንታት አለፉ። ጉልበቷ መታጠፍ ጀመረ። እሷ ግን ለውጡን አታምንም፤ ከዘራዋን ጥላ አንድ እርምጃ እንኳ ተንቀሳቅሳ አታውቅም። ባለሙያዋ “እማማ፣ አሁን እኮ ያለሱ ይችላሉ” ስትላት፣ “አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ወድቀሽ አታውቂም” ትላታለች።

የሱሪው ርዝመት የእኔ ፈንታ ሆነ። እሷ በአንድ እጇ ከዘራዋን ይዛ በሌላው የሱሪውን አንድ እግር ከፍ ታደርጋለች፤ ሁለተኛውን እግር እኔ ከጎኗ ሆኜ እንደ ሚዜ እይዛለሁ። ሰፈሩ እያየን ይስቃል። እንዲህ ሆነን ነው ዳገቱን የምንወጣው።

አንድ ቀን ከሕክምናው ስንመለስ ዘንቦ ነበር። አዲሱ ገበያ ስንደርስ ሽንኩርት ካልገዛሁ አለች፤ ነጋዴዋን ተጨቃጨቀች፣ ፊቷ በራ። ታክሲ ይዘን ዳገቱ ሥር ስንወርድ ሁለቱም እጆቼ በሽንኩርት ተይዘዋል። ኮብልስቶኑ ላይ ጭቃ ይወርዳል።

“ቦላሌዬ ሊቆሽሽ ነው” አለች። ከዘራዋን መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ጎንበስ አለች፤ የሱሪዋን ግራና ቀኝ እግር በሁለት እጇ ሰብስባ ጉልበቷ ድረስ አነሣችው። ከሥሩ ስቶኪንጓ ይታያል፣ ለአንዴ አልገደዳትም። እንዲያው እንደያዘች መንገዱን ጀመረች።

አፌን ልከፍት ብዬ ዘጋሁት። ከኋላዋ ተከተልኳት። ያኔ የወደቀችበት ቦታ ስትደርስ ሽንኩርቱን ጥዬ ልይዛት ተዘጋጀሁ። እሷ ያንን ሽንኩርት በምን ዋጋ ገዝታው እንደነበረ እየተናገረች አለፈች። ጉልበቷ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል። እስከ በራችን ድረስ አንዴም አልቆመችም።

በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። “ከዘራዬስ?”

“ታች ቀረ።”

“እያየሽ ነው ትተሽው የመጣሽው? አንቺን ይዞ መንገድ! ሂጂ አምጪ፣ ሰው ሳያነሣው!”

ሽንኩርቱን እግሯ ሥር አስቀምጬ ወረድኩ። ከዘራው ግድግዳውን ተደግፎ እዚያው ቆሟል። አንሥቼ ቀና ስል፣ እናቴ ዳገቱ አናት ላይ ቦላሌዋን በሁለት እጇ ሰብስባ “ፍጠኝ እንጂ!” እያለች ትጮኻለች። ዓይኔ በእንባ ሞላ። ሽንኩርቱ ነው እንዳልል፣ ላይ ትቼዋለሁ።