ሲፈን እናቷን የለመደችበት ሰሞን

አዳማ ውስጥ በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ቀን የዜና ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ጌታሁን የካሴት መቅረጫና ማይክሮፎን ሰጥተው የታሪፍ ቅሬታ እንድቀርጽ ወደ መናኸሪያ ላኩኝ። ስመለስ ካሴቱ ላይ ከነፋስ በቀር ምንም አልነበረም።

«ነፋሱስ ምን አለሽ? ታሪፉ በዝቷል አለ?» ብለው ሳቁብኝ። ማይክሮፎን በካልሲ መሸፈን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። በጋሪ ሄደን እንዘግብ ነበር፤ የባትሪ ድንጋይ እንዳያልቅ ካሴቱን በእስክሪብቶ ነበር የምናጠነጥነው።

ከዓመታት በኋላ፣ መቅረጫው ኪስ የሚገባ ሲሆን፣ ከዓረብ አገር የሚመለሱ እናቶችን መዘገብ የእኔ ድርሻ ሆነ። አሠራሩ የታወቀ ነበር፤ መጀመሪያ እልልታ፣ ቀጥሎ ለቅሶ፣ መጨረሻ ላይ የልጅ ድምፅ። ጋሽ ጌታሁን «ልጁ እማዬ ሳይል እንዳትመጪ» ይሉኝ ነበር።

ወንጂ የሄድኩት ከእነዚህ እናቶች አንዷ፣ ጫልቱ፣ የተመለሰች ዕለት ነው። ልጇን ሲፈንን ጡት ሳታስጥላት ለታላቅ እህቷ ለብርቄ ትታ ነበር የሄደችው። አሁን ልጅቷ አራት ዓመት ሆኗታል። ጫልቱ አዳማ ቤት ተከራይታ፣ ሲፈንን በዚያው ቀን ይዛ ልትመለስ ባጃጅ የብርቄ በር ላይ አቁማለች።

እልልታው ቀለጠ። ሲፈን የብርቄ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች።

«ነይ የኔ እናት፣ እማዬ እኮ ነኝ።»

ሲፈን ብቅ ብላ አየቻትና «እማዬ ስልክ ውስጥ ናት» አለች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። የሰፈሩ ኔትወርክ ምስል ስለማይስብ እናትና ልጅ የሚተዋወቁት በድምፅ ብቻ ነበር። ጫልቱ አልሳቀችም።

አንዲት ጎረቤት «ሙልቅቅ ብላ ነው! አንስተሽ ባጃጅ ውስጥ አስገቢያት፤ እስኪመሽ ትለምድሻለች» አለች።

ጫልቱ አነሳቻት። ሲፈን ጮኸች። ከዚያ ድንገት ዝም አለች፤ ሰውነቷ ደረቀ፣ ዓይኗ ብርቄ ላይ ቀረ።

ብርቄ «አስቀምጫት፣ አፈር ስሆን» አለች።

«ስሄድም አልቅሳ ዝም አለች ብለሽኝ ነበር፣ ብርቄዬ። አሁንም ያልፍላታል።»

«ዝም አለች አልኩሽ እንጂ መቼ አለፈላት? መራመድ ጀምራ ተወችው። በር በር ስታይ ነበር የምትውለው። ዛሬም ገበያ ስሄድ ነጠላዬን ካልተውኩላት አትቀመጥም።»

ጫልቱ ልጅቷን አስቀመጠች። «እኔስ ለማን ብዬ ነው እዚያ ያለቅኩት?» አለች። መቅረጫዬን አጠፋሁ።

ጫልቱ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ወዲያው የብርቄ ስልክ ጮኸ፤ ሲፈን ሮጣ አነሳችው።

«እማዬ፣ ቤታችን አንዲት ሴትዮ መጥታለች።»

ጓሮው ቅርብ ስለሆነ የጫልቱ ድምፅ ይሰማኛል። «ምን ዓይነት ሴትዮ?»

«ታለቅሳለች።»

«እዚያው ትደር?»

ሲፈን አሰበች። «ትደር። ግን ከእኔ ጋር አትተኛም።»

«እሺ፣ አትተኛም።»

ጫልቱ ከጓሮ መጥታ ባጃጁን ባዶውን መለሰችው።

ጋሽ ጌታሁን ጣቢያው ውስጥ ጠበቁኝ። «የታል እማዬው?»

«የለም፣ ጋሽዬ። ዘገባው አልደረሰም።»

«ምን ጎድሎት?»

«ልጅቷ ገና እየተዋወቀቻት ነው።»

«እንግዲያው የሽንኩርቱን ዋጋ እናስገባ» አሉ።

በማግስቱ አንዲት የሕፃናት ነርስ ጠየቅኩ። በጨቅላነቱ ከእናቱ የተለየ ልጅ ዝም ሲል ረሳ ማለት እንዳልሆነ፣ እንደ መራመድ ያለ የለመደው ነገር ሊቀርበት፣ ያሳደገው ሰው ዞር ሲል ሊሸበር እንደሚችል ነገረችኝ። «ካሳደገችው ሴት ላይ በአንድ ቀን መንጠቅ ደግሞ ሁለተኛ መለየት ነው» አለች።

ከወራት በኋላ ወንጂ ተመለስኩ። ጫልቱ የአዳማውን ቤት ለቅቃ ከእህቷ ጋር ትኖራለች። ሲፈን ገና «ጫልቱ» እያለች ነበር የምትጠራት። እያወራን ሳለ ልጅቷ ደጅ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። እያለቀሰች ገባች፤ ብርቄን አየች፣ ጫልቱን አየች፣ ቅርብ ወዳለችው ወደ ጫልቱ ሄደች። ጫልቱ ቁስሉን በውኃ አጠበችላት። እልል ያለ አልነበረም። በሁለቱ እህቶች ፈቃድ ያስተላለፍኩት ዘገባ ይህ ነበር።

ለወጣት ሪፖርተሮች የምለው፣ እናት የተመለሰችበትን ቀን ቅረጹ፤ ዘገባውን ግን በዚያ ቀን አትዝጉት። ልጅ እናቱን የሚያውቀው አብራው በዋለችው ልክ ነው።