ሳታ እጇን የዘረጋችበት ሰው

አንታንዱ ቴሱጌ ሽንኩርት በጫነ መኪና አናት ላይ ተቀምጦ ወደ ማሊዋ የወንዝ ወደብ ሞፕቲ ሲገባ፣ ከወደቡ በላይ ባለው ረጅም ግድግዳ ላይ የአንዲት ሴት ፊት አየ። ፊቱ ከአንድ ጎጆ ይበልጣል። አፏ ተከፍቷል፤ ዓይኖቿ ተጨፍነዋል፤ ቀኝ እጇ፣ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከግድግዳው ወጥቶ የሚመጣ እስኪመስል ድረስ ወደ ተመልካቹ ተዘርግቷል። ከሥሩ በቀይ ቀለም «ይህችን እጅ ባዶዋን አትመልሱ» ተብሎ ተጽፏል።

መጀመሪያ ደስ አለው። ፎቶውን ያነሳው እሱ ራሱ ነው። የዚያን ጠዋት ብርሃን ያውቀዋል፤ በሴትዮዋ ጣቶች ላይ የተጣበቀውን የዓሣ ቅርፊት ሳይቀር ያውቀዋል፤ እያንዳንዷ ቅርፊት አንዳንድ ፀሐይ ይዛለች። ከዚያ ጽሑፉን ደግሞ አነበበው። ደሙ ፈላ።

«አቁም!» ብሎ የመኪናውን ጣሪያ በቡጢ መታ።

«ምን ሆንክ፣ አንተ ሰውዬ?» አለ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። «ጣሪያው የሰው ነው እንጂ የእንጀራ አባትህ ጀርባ አይደለም!»

አንታንዱ ካሜራውን በደረቱ አቅፎ ዘለለና ግድግዳው ሥር ቆመ። ሳታ ካራቤንታ ከላይ፣ በተጨፈኑ ዓይኖቿ፣ የወደቡን ሰው ሁሉ ትለምናለች።

ሳታ በሕይወቷ ለምና አታውቅም። ቦዞ ናት፤ የወንዝ ሰው። በወደቡ ዳር ካሉት የዓሣ ማጨሻ ምድጃዎች ትልልቆቹ የእሷ ናቸው፤ የእሷን ዓሣ ያልበላ መርከበኛ በዚያ ወንዝ ላይ የለም። በዚያ ጠዋትም ምንም አልጎደላትም ነበር። አንታንዱን እየሰደበችው ነበር።

አንታንዱ ዶጎን ነው፤ የገደል ሰው። ዶጎንና ቦዞ የስድብ ዘመዳሞች ናቸው። መጋባት አይችሉም፤ ደም መፋሰስ አይችሉም፤ አንዱ በሌላው ላይ መቆጣትም አይፈቀድለትም። መሰዳደብ ግን ግዴታቸው ነው። በጥንት ዘመን፣ በረሃብ ጊዜ፣ አንድ ቦዞ የገዛ ጭኑን ቆርጦ ጠብሶ አንድ ዶጎን መንገደኛ አብልቶ ከሞት አድኖታል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቦዞ ሁሉ ዶጎን ባየ ቁጥር ሥጋውን ይጠይቃል። ሳታም በዚያ ጠዋት፣ ካሜራውን እንዳየች፣ ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘርግታ ጮኸች፦

«አንተ የገደል ጦጣ! አያትህ የአያቴን ጭን በልቶ አፉን ሳይጠርግ ሄደ! ዛሬ ራበኝ! ዛሬ ሞትኩ! መልስ! ጭናችንን መልስ!»

የምድጃዎቹ ሴቶች በሳቅ ተንከባለሉ። አንታንዱም ሆዱን ይዞ እየሳቀ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከመንደር መንደር በጭነት መኪና አናትና በረጅም ጀልባ ላይ ይዞራል። ፊልሙን ሙቀት እንዳይበላው በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በጣሳ ከትቶ፣ ጣሳውን እርጥብ አሸዋ በሞላ እንስራ ውስጥ ቀብሮ ይጓዛል፤ ሰው «ውሃ ሻጩ መጣ» ይለዋል። በደረሰበት በመጀመሪያው ቀን ካሜራውን አያወጣም። ይቀመጣል፤ ይበላል፤ ይሰደባል። በሁለተኛው ጉዞው የታጠበውን ምስል ለባለቤቱ በእጁ ይሰጣል። ምስሉን ሳይዝ ወደ ማንም ደጅ አይመለስም፤ ምስሉን ይዞ ሄዶ ያልተቀበለው ደጅም አልነበረም። ሀብቱ በየመንደሩ የተከፈተለት ደጅ ነው፤ ሌላ ሀብት የለውም።

ወደዚህ ሥራ ያመጣው አንድ መደነቅና አንድ ቁጣ ነው። በወጣትነቱ ሽንኩርት ሊሸጥ ሞፕቲ ወርዶ፣ በባባ ቲጃኒ ፎቶ ቤት የማጠቢያ ውሃ የሚቀዳ ሰው ሆነ። አንድ ቀን በጨለማው ክፍል ቀይ መብራት፣ ነጭ ወረቀት በሳህን ውሃ ውስጥ ተኝቶ አየ። መጀመሪያ ቅንድብ መጣ። ከዚያ አፍ መጣ። ሰው ከወንዝ ሥር ወደ ላይ እየዋኘ የሚመጣ መሰለው፤ «ትንፋሽ አጥሮታል፣ አውጡት!» ብሎ ሊጮህ ምንም አልቀረው። ቁጣው ደግሞ እናቱ ስትሞት መጣ። በዓለም ላይ የቀረላት ምስል የመታወቂያ ወረቀቷ ፎቶ ብቻ ነበር፤ በግድግዳ ፊት፣ ትከሻዋን እንደ ጥፋተኛ ሰብስባ ቆማ፣ የመንግሥት ማህተም ጉንጯን ከአገጯ ጋር ቆርጦት። «እናቴ ይህች አይደለችም!» ብሎ ቢሮውን አመሰው። ማንም አልሰማውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውን በሥራው ላይ፣ በሳቁ ላይ፣ በራሱ ደጅ ላይ ሊያነሳ ማለ።

አሁን በገዛ ፊልሙ የሌላ ሰው እናት ጉንጭ ላይ ማህተም ተመታ።

ወደ ሳታ ግቢ ሲገባ ልጇ ባካይና ደጃፉ ላይ መረብ ይጠግናል። ባካይና ትከሻው ሰፊ፣ ምላሱ የሾለ ጎልማሳ ነው፤ አንታንዱን ሳይሰድብ ውሃ አጠጥቶት አያውቅም።

«እንደምን ዋሉ?» አለ ባካይና፣ ከመረቡ ቀና ሳይል። «ቤተሰብ ደህና ናቸው? መንገዱ እንዴት ነበር?»

አንታንዱ ከባካይና እንዲህ ያለ ጨዋነት ሰምቶ አያውቅም።

«ምነው፣ አንተ የጉማሬ ልጅ፣» ብሎ ሞከረ፣ «ምላስህን ዓሣ ቆረጠመው እንዴ?»

«ከእንግዳ ጋር አንቀልድም።»

«ባካይና...»

«ወደብ ወርጄ ጀልባ መጫን አቃተኝ!» አለ ባካይና መረቡን ወርውሮ። «ሰው ሁሉ ‹እናትህን ምን ታበላታለህ?› ይለኛል። የሚቀልድ አለ፤ የምሩን የሚጠይቅም አለ። ባለፈው የገበያ ቀን አንዲት መንገደኛ ምስሉን አይታ፣ ዞር ብላ እናቴን አየችና፣ መዳፏ ላይ ሳንቲም አስቀምጣላት ሄደች። ‹አይዞሽ እናቴ› ብላ! እናቴ ሳንቲሙን ይዛ እንደ ድንጋይ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ግቢ አልወጣችም። ምድጃው ጠፍቷል፤ ምድጃው!»

«እኔ ለእርዳታ ድርጅቱ ሰዎች የሸጥኩላቸው ለዚያ አልነበረም። የመረቡን፣ የጀልባውን፣ የሽንኩርት መደቡን ምስል ሁሉ ነው የሰጠኋቸው። ስለ አገሩ ሕይወት መጽሐፍ እናሳትማለን አሉኝ።»

«ማን ነው?» አለ የሳታ ድምፅ ከውስጥ።

«ፎቶ አንሺው ነው።»

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ እንደ ወትሮው የሚጮህ አልነበረም። «ንገረው። ያ ነገር ከግድግዳው ሳይወርድ በዚህ ደጅ እንዳይታይ። በቦዞ መንደር ሁሉ እንዳይታይ፤ መልእክት ልኬላቸዋለሁ።»

አንታንዱ ከዚያ በቀጥታ ወደ እርዳታ ድርጅቱ ቢሮ ሄደ። የቢሮው ኃላፊ አቶ ላሚን ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፤ ያ ደግሞ ቁጣውን አባሰው።

«ሴትዮዋ አልራባትም!» አለ አንታንዱ ሳይቀመጥ።

«እሷ አልራባት ይሆናል ወንድሜ። የራበው ሰው ግን ይህን ይመስላል።»

«አይመስልም! በድርቁ ዓመት የራበውን ሰው አይቻለሁ። የራበው ሰው እንዲህ አፉን አይከፍትም፤ ጉልበቱን ከየት ያመጣል? ይህ የጠገበ ሰው ጩኸት ነው! ከምስሉ ጀርባ ‹ሳታ ስትሰድበኝ› ብዬ ጽፌላችኋለሁ። አላነበባችሁም?»

«አንብበናል።» አቶ ላሚን ፈገግ አለ። «ስድብ ለጋሽ አያመጣም። መረቦችህ ውብ ናቸው፤ ሽንኩርቱም ውብ ነው፤ እዚህ መሳቢያ ውስጥ አሉ። ግን ደስታ ያየ ሰው ኪሱን አይከፍትም። በሴትዮዋ ምስል በሚገኝ ገንዘብ ስንት ሕፃን እንደሚበላ ታውቃለህ?»

«ይብላ! በሐሰት ነው እንዴ የሚበላው? የእናትህን ፊት ለምን አልሰቀልክም?»

የአቶ ላሚን ፈገግታ ጠፋ። «ምስሉን ሸጠህልናል፤ ፈርመሃል። ያንን ግድግዳ የቀደደ ሰው ደግሞ ፖሊስ ይጠብቀዋል።»

አንታንዱ ሲወጣ ከቁጣው ብዛት በሩን ስቶ ከመስኮቱ ጋር ተጋጨ።

በወደቡ ዳር ተቀምጦ ምስሉን ሲያይ ዋለ። ላሚንን ረገመ፤ ድርጅቱን ረገመ፤ የጠዋቱን ብርሃን ሳይቀር ረገመ። ከዚያ አንድ ነገር ታየው። የሳታ እጅ የተዘረጋው ወደ አንድ ሰው ነበር፤ ያ ሰው በምስሉ ውስጥ የለም። ስድቡ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሰው ካሜራውን ይዞ ከኋላው ተደብቆ ነበር። ሳታን ብቻዋን ከነእጇ ጥሎ የሄደው ላሚን አይደለም። እሱ ራሱ ነው። ሰውን በራሱ ደጅ አነሳለሁ ብሎ የማለው ሰው፣ የደጁን ግማሽ ቆርጦ ጥሎታል።

«ባባ ቲጃኒ፣» አለ ፎቶ ቤቱ ገብቶ፣ «ያንሱኝ።»

«አንተን?» ሽማግሌው መነጽራቸውን ገፉ። «ካሜራዬ በስተርጅና ምን በደለህ?»

«በቁሜ። የግድግዳውን ያህል ትልቅ አድርገው።»

ነገሩን ሲሰሙ ሽማግሌው አልሳቁም። ሱቁን ዘግተው መብራቱን አስተካከሉ። አንታንዱ ጉንጉን ሽንኩርት በአንገቱ አጠለቀ፤ አፉን በማሽላ ገንፎ ሞላ፤ የገንፎውን ድስት በሁለት እጁ አቅፎ ጎኑን ለካሜራው ሰጠ፤ በትከሻው በኩል ብቻ በክፉ ዓይን ወደ ጎን ተመለከተ።

«ንፉግ ምሰል እንጂ!» ጮኹ ባባ ቲጃኒ። «ይሄ ቁርጠት ያለበት ሰው ነው። ድስቱን ደብቅ! አዎ። ወይ ጉድ፣ ዕድሜ ልክህን ፊትህን ደብቀህ የኖርከው ለካ ለሰው አዝነህ ነው!»

አንታንዱ መሳቅ አቃተው። ጉንጮቹ በገንፎ ተወጥረው፣ ዓይኖቹ በቁጣ እንባ ሞልተው ነው የተነሳው። ወረቀቱን ቆራርጠው፣ አጥበው፣ አያይዘው፣ ከሳታ ፊት የማያንስ ፊት ሠሩ።

በገበያው ቀን ጠዋት፣ ከሳታ ምስል ጎን በነበረው ባዶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። የድርጅቱን ወረቀት በጥፍሩ እንኳ አልነካም። የሳታ ጣቶች ልክ ከድስቱ ከንፈር ላይ ደረሱ። ከሥሩ በብሩሽ «የጭኑን ሥጋ አልመልስም ያለው ዶጎን ይህ ነው» ብሎ ጻፈ።

መጀመሪያ ያየው አንድ የቦዞ ጫኝ ነው። ከነጆንያው ቆመ። «ኧረ ሰዎች! ሽንኩርቱን እዩለት! ጉንጩን እዩለት!»

«አጥብቀህ ያዝ ወንድሜ!» ጮኸች አንዲት የዶጎን ሽንኩርት ሻጭ። «እንዳትሰጣት! እነዚህ የወንዝ ጉማሬዎች የሚጠግቡ መሰለህ?»

«ዝም በይ፣ አንቺ የገደል ሌሊት ወፍ! የበላችሁትን አምጡ!»

ወደቡ በስድብና በሳቅ ተናወጠ። ጀልባዎች መልህቅ ሳይጥሉ ሰዎቻቸው ወደ ውሃው እየዘለሉ መጡ። ባካይናም መጣ። ቀና ብሎ አየና ድንገት፣ ለምስሉ እንጂ ለአንታንዱ ሳይሆን፣ «አፍህን ጥረግ፣ አንተ ሆዳም!» ብሎ ጮኸ። አቶ ላሚን ከመኪናው ወርዶ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ተመለከተ። የተቀደደ ነገር ፈለገ፤ አላገኘም። የሚለምነው እጅ ሰው ሁሉ የሚስቅበት እጅ ሆኗል። ሠራተኞቹን ጠርቶ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገራቸው፤ መሰላል ሊያመጡ ሄዱ።

መሰላሉ ሲቆም ሳታ መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ከሁለቱ ምስሎች መሃል ቆማ ቀና ብላ አየች፤ የራሷን አየች፤ የእሱን አየች። አልሳቀችም።

«ይህ ብቻ ነው፣» አለች ወደ አንታንዱ ሳትዞር፣ «ወይስ ሌላም ቦታ ተሰቅያለሁ?»

መዋሸት ይችል ነበር። «ባማኮ አለ ይላሉ። ባሕር ማዶም።»

«ባሕር ማዶ ዶጎን አለ?»

«የለም።»

«ቦዞስ?»

«የለም፣ ሳታ።»

«እንግዲያው እዚያ ለማኝ ነኝ።»

ሠራተኞቹ ከላይ ወረቀቱን መላጥ ጀምረዋል፤ ግንባሯ ወደ ፊት ተጠቅልሎ ወረደ። ሳታ እስከ መጨረሻው ቆማ አየችው። «ባማኮ ሂድ፣» አለች በመጨረሻ። «ዛሬ ሂድ። የባሕር ማዶውን መንገድ ራስህ ፈልግ፤ እኔ ወንዝ እንጂ ባሕር አላውቅም። እስከዚያ ድረስ ግን ይቅር እንዳልኩህ ለማንም እንዳትናገር።» ከዚያ ወደ ምድጃዋ ሄዳ እንጨት መስበር ጀመረች፤ እያንዳንዱን በጉልበቷ፣ ከሚያስፈልገው በላይ በኃይል።

ባባ ቲጃኒ ባማኮ ከሳታ ጎን የሚለጠፈውን የአንታንዱን ምስል ሌላ ቅጂ አጥበው እስኪጨርሱ ፀሐይ ዘቀዘቀች። አንታንዱ ጥቅሉን በብብቱ፣ የሙጫውን ባልዲ በእጁ ይዞ የባማኮው አውቶቡስ ላይ ወጣ። «ይሄ ነገር ይገማል፣» አለው ረዳቱ፤ «ከላይ ከዕቃው ጋር እሰረው።» አንታንዱ አላሰረውም። ሙጫው ለመንገደኛው ሁሉ እየከረፋ፣ ባልዲውን በጉልበቶቹ መሃል አጥብቆ ይዞ ተቀመጠ።