ሞተሬን ያባበለው ሰው

ከቱማኮ ከምትመጣው ጀልባ የወረደ እንግዳ ነው። በዚህ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ መልክ እንኳ የለውም። የጀልባዬ አሮጌ ሞተር ጉልበት አጥቶ፣ ቤንዚን ስሰጠው ይታፈንብኝ ነበር። እኔና እሱ የምንግባባው በእርግጫ ነው። ሰውየው ግን ሞተሩ እየሠራ፣ የነዳጅ ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ ኳስ ጨመቅ ጨመቅ ሲያደርጋት ነፍስ ዘራ።

“ፓምፑ ነው የደከመው፣ ወንድሜ። ሌላው ደህና ነው።”

“አየህ፣ ሲያባብሉት ይሰማል!” አለችኝ ሚስቴ ዴያኒራ እየሳቀች። እሱ ቀና ብሎ አላያትም።

ከዚያ የዓሣ ሾርባ አቀረበችልን። በእኛ መንደር ሾርባ ያለ ሎሚ አይበላም። የእኔ ላይ ጨመቀችበት። የእሱን ግን፣ ምንም ሳትጠይቀው፣ ያለ ሎሚ ሰጠችው።