በአሜሪካ ወረቀቴ ላይ ያለው አባት

የአባቴ አባት ድሬዳዋ የኖሩ ግሪካዊ አናጺ ነበሩ። በእሳቸው በኩል የግሪክ ዜግነት ላወጣ ብዬ፣ የክርስትና ወረቀታቸውን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሎየር ጋ ሄድኩ። ፋይሌን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣

«በአሜሪካ ወረቀትሽ ላይ ያለው አባትሽ እኮ የእሳቸው ልጅ አይደለም» አለኝ።

እውነቱን ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው የእናቴ ወንድም «ልጄ ናት» ብሎ ፎርም ሞልቶ ነው ያመጣኝ። ለአባቴ ግን፣ እንዳይከፋቸው ብዬ፣ ዲቪ ደረሰኝ ብያቸው ነበር። ምነው ያኔ በነገርኳቸው!

ድሬዳዋ፣ አባቴ ጋ ደወልኩ።

«አባባ፣ ልጄ ናት ብለው እንዲመሰክሩልኝ ነው።»

«ይሄ ደግሞ ምስክር ይፈልጋል? አፍንጫሽን አያዩም?» ብለው ሳቁ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቆመ።

«ታዲያ» አሉኝ፣ «አሌክሳንድሪያ ያለው አባትሽ ደህና ነው?»