የኦስቲያው ዓሣ

ያንን ፌስታል ከፊቴ አንሺልኝ፤ በረንዳ ላይ አውጪው። በሩን ገና ሳትከፍቺ ነው ሽታው የደረሰኝ። ደግሞ ትኩስ ነው አትበዪኝ፤ ትኩሱም ይሸታል፣ የበሰለውም ይሸታል፣ በሎሚ የታሸውም ይሸታል። ሮም ውስጥ ፀጉሬ እስኪሸብት ስኖር ጣልያኖቹ የሚበሉትን ሁሉ ለምጃለሁ፣ ያንን የሻገተ አይባቸውን እንኳ። ዓሣ ግን ወግድልኝ! ሰዉ ሁሉ "ደገኛ ስለሆነች ነው፣ ባሕር አታውቅም" ይላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። መስኮቱን ክፈቺና ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው፤ እኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሮም ውስጥ ፊሳ ነበርኩ፤ አዳሪ ሠራተኛ ማለት ነው፣ አሠሪዬ ሲኞራዋ ቤት ውዬ እዚያው የማድር። ፈቃዳችን ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነበር። ሐሙስ የምሳውን ዕቃ አጥበን ስንጨርስ በሮም ያለች የአበሻ ልጅ ሁሉ ተርሚኒ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ትሰበሰባለች። ደብዳቤ የመጣላት፣ ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የተቃጠለባት፣ ወሬ የጠማት፣ ሁሉም እዚያ ነው።

አንዲት ባልንጀራ ነበረችኝ። በሱዳን በኩል አብረን ነው የወጣነው፤ ከእህት አትተናነስም። ሳቂታ ናት። ስትስቅ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ሳትሸፍን ነው፤ የእሷ ሲኞራ "ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል" እያለች ትቆጣት ነበር። ሀገር ቤት አባቷ ታስረዋል። ወንድሟን ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ሰሜን ግንባር ልከውታል። ቤት የቀሩት እናቷ ብቻ ናቸው። ደብዳቤ በመጣላት ቁጥር ከመክፈቷ በፊት ፖስታውን ወደ ብርሃን አንስታ ታየዋለች፤ ወይ ስለ አባቷ ነው ወይ ስለ ወንድሟ ነው እያለች።

ገና አልፎ ጥምቀት ሳይደርስ፣ አንድ ረቡዕ፣ እትዬ እኔ የምሠራበት ቤት ስልክ ደወሉ። እትዬ የምንላቸው ከሁላችን ቀድመው ሮም የገቡ፣ ፒኜቶ ሰፈር ቤት የተከራዩ፣ ደስታችንንም ለቅሷችንንም የሚሰበስቡ ትልቅ ሴት ነበሩ። ለማይረባ ነገር ስልክ አይደውሉም።

"ብቻሽን ነሽ?" አሉኝ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"የባልንጀራሽ እናት አርፋለች። ደም ብዛት ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ መነኩሲት ናቸው የነገሩኝ። መርዶው እሑድ ነው። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ።"

ለምን እሑድ አትዪኝም? ሐሙስ ግማሽ ቀን ነዋ። ማታ ተመልሳ ራት ማቅረብ አለባት። እናትሽ ሞተች የተባለች ልጅ ለባዕድ ሾርባ ስትጨልፍ ታምሽ? ሌሊቱንስ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሚይዛት ሰው ሳይኖር? እሑድ ግን ሙሉ ቀን ነው፤ ሰው ይሰበሰባል፣ እትዬ ለሲኞራዋ ደውለው ፈቃድ ይለምናሉ፣ ልጅቱ በወጉ ታለቅሳለች። "በወጉ ያልተነገረ መርዶ ዕድሜ ልክ አይወጣም" ይሉ ነበር እትዬ። የቸገረችን ሐሙስ ናት። ተርሚኒ ብቅ ካለች አንዷ ወሬ የማይቆይላት "እግዜር ያጥናሽ" ብላ መንገድ ላይ ትጠመጠምባታለች።

"አሎራ፣ እንግዲህማ፣" አሉ እትዬ፣ "ሐሙስን አበሻ የማይደርስበት ቦታ አውዪያት።"

በጥር ወር አበሻ የማይደርስበት ቦታ ባሕር ነው። እዚያ የሚያዘወትር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መርከበኛው እንለዋለን። ምፅዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገለ፣ ከመርከቡ ጠፍቶ የቀረ ጎረምሳ ነው፤ ያኔ አንድ ምግብ ቤት ሳህን ያጥብ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ኦስቲያ እየወረደ፣ አሸዋው ላይ ቆሞ ስፒጎላ ያጠምዳል። ስፒጎላ ማዕበል ሲነሳ ወደ ዳር የሚጠጋ ብርማ ዓሣ ነው፤ ጣልያኖቹ ሲያወሩለት ምራቃቸውን ይውጣሉ። እትዬ ለእሱም ነግረውታል። ስለዚህ በዚያ ሐሙስ ወደ ኦስቲያ በሚወርደው ባቡር ላይ ሦስት ነን፤ የምናውቅ ሁለት፣ የማታውቅ አንድ።

እሷ ደግሞ ያን ዕለት ቢጫ ሹራብ ለብሳለች! ከሁሉ ያ ቢጫ አሳረረኝ። እናቷ አፈር ገብተዋል፣ እሷ ቢጫ ለብሳ በባቡር መስኮት ታያለች፣ እኔ ደግሞ "ያምርብሻል" እላለሁ።

"ዛሬ ምን ነካችሁ? ተርሚኒ ምን አደረገን?" አለች።

"ሰለቸኝ። ሁልጊዜ ሐሜት፣ ሁልጊዜ ሐሜት" አልኩ። ምላሴ ላይ መረረኝ።

መርከበኛው ጉልበቱ ላይ የካርቶን ሣጥን ይዟል። ከፍቶ አሳየን። ትል! እርጥብ ጋዜጣ ውስጥ የሚተራመስ፣ ጣት የሚያህል፣ በጎንና በጎኑ እግር የመሰለ ጭገር ያለው ቀይ ትል። በዚያው ሣጥን ጥግ ምሳው፣ ዳቦው ተቀምጧል። እግዚኦ! ሰውዬው ትሉን በጣቱ ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ ያንኑ ጣት ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ፣ ዳቦውን ቆርሶ "እንብላ" አለን። እሷ በሳቅ ፍርስ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ደግሞ ከመጠን በላይ ይቀልዳል፤ ስለ መርከብ ምግብ፣ ስለ አዛዡ መላጣ፣ ማባሪያ የለውም። ፈርቶ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ጥርሱን ባየሁ ቁጥር በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም።

የክረምት ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ? የበጋውን አይደለም፣ ጥላ የተተከለበትን። ልብስ መቀየሪያ ጎጆዎቹ ተቆልፈዋል። አሸዋው ላይ የበሰበሰ እንጨት፣ አንድ እግር ጫማ፣ ሬንጅ የነካው ላባ፣ አንድ የሞተ ወፍ። ሰማዩም ውኃውም የዕቃ ማጠቢያ እጣቢ ነው የሚመስለው። ነፋሱ ጨውና ግማት ይዞ ይመጣል። ጫማዬ ውስጥ አሸዋ ገባ፣ አፌ ውስጥም ገባ። ከእኛ ራቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ ጣልያን ከማጥመጃ ዘንጉ አጠገብ ቆሟል፤ ሌላ ፍጡር የለም።

መርከበኛው ረጅሙን ዘንግ አወጣና ትሉን መንጠቆው ላይ መሰካት ጀመረ። "እኔ ልሞክር" አለችው። ትሉን በሁለት ጣቷ ያዘችው፤ ተጠቀለለባት፤ ወጋችው፤ ቀይ ፈሳሽ ጣቷ ላይ ወረደ። "ኡፍ፣ ይነክሳል እኮ!" ብላ ትስቃለች። እሱ ወደ ኋላ ጎንበስ ብሎ ክሩን ከማዕበሉ ባሻገር ወረወረው፤ ዘንጉን አሸዋው ላይ በተከለው ብረት አቆመውና ጫፉ ላይ ትንሽ ቃጭል አሰረ። ዓሣ ሲነካ ይደውላል ማለት ነው።

ጠበቅን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሷ ተጠግታኝ ስለ እናቷ ታወራለች። ከሌላው ቀን ሁሉ መርጣ፣ ያን ዕለት፣ ስለ እናቷ! እናቷ ውኃ እንደሚፈሩ፣ ወንዝ ሲሻገሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ማርያምን እንደሚጠሩ። "እሺ፣ ከዚያስ?" እላለሁ።

ሊመሽ ሲል ቃጭሉ ጮኸ። እሷ ከእሱ ቀድማ ሮጠች።

"ያዢው! አሁን ላላ አድርጊለት፣ ላላ! አሁን ሳቢ!" ይላል መርከበኛው።

ዘንጉ ተለመጠ። ማዕበሉ እስከ ጉልበቷ መጣ፤ እሷ ካልሲዋም ጫማዋም ውኃ ውስጥ ነው፣ አትሰማም። ሳበች፣ ሳበች፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ማዕበል ዓሣውን አምጥቶ አሸዋው ላይ ጣለው። ክንድ የሚያህል ነው። ይፈራገጣል፣ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ ያ ክብ ዓይኑ የትም አያይም። ልጅቱ ቢጫ ሹራቧን ለብሳ፣ እጇን ሰማይ ሰቅላ፣ እልል አለች።

እልልታ! የእናቷ አርባ ገና አልወጣም፣ እሷ እልል ትላለች! ያ ሽማግሌ ጣልያን ከሩቅ "ብራቫ!" እያለ አጨበጨበ። መርከበኛውም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ? እጆቼ የሌላ ሰው እጆች መሰሉኝ።

ዓሣውን በሁለት እጇ አቅፋ መጣች። "እሑድ በካሴት እቀዳላታለሁ" አለች፤ ያኔ ደብዳቤያችን ካሴት ነበር፣ ድምፃችንን ቀድተን በሰው እንልካለን። "ለእናቴ! ልጅሽ ባሕር ደፈረች እላታለሁ። አታምነኝም እኮ!"

መርከበኛውም ጎንበስ ብሎ መንጠቆውን እየነቀለ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ሳያስበው፣ "ነፍሳቸውን ይማ..." ብሎ ቀጥ አለ።

ፊቱ ዓመድ ሆነ። እሷ ዞረች። "ምን አልክ?" አለችው። ሳቋ ገና ከፊቷ አልጠፋም፣ ቅንድቧ ግን ተሰብስቧል። ትንሽ ብትቆይ ሁሉ ነገር አለቀ፤ እዚያ ግም አሸዋ ላይ፣ ትልና ዓሣ በያዘ እጇ፣ ማንም በሌለበት መርዶዋን ልትሰማ ነው። እንደዚያ እንዳይሆን አይደል ያን ሁሉ የዋሸነው?

ያኔ አስመለሰኝ። ሆን ብዬ አይደለም፤ መጣብኝ። አሸዋው ላይ ተንበርክኬ ምሳዬንም ቁርሴንም አወጣሁት። ዓሣውን ጥላ ሮጠች። ራሴን ያዘችልኝ፣ በሻሿ አፌን ጠረገችልኝ፣ ጣቷ ትል ትል፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ።

"ዓሣው ነው አይደል? ሸቶሽ ነው? አይዞሽ፣ የእኔ እናት።"

"ዓሣው ነው፣" አልኩ፣ "ዓሣው ነው።" ዕንባዬ ዝርግፍ ይላል፤ ሲያስመልስ ያለ ነው ብላ አለፈችው።

"አንተ ደግሞ እሷን አትይዝም? ምን ቆመህ ታያለህ!" ብላ መርከበኛው ላይ ጮኸች። ጥያቄዋን ረስታዋለች።

መርከበኛው እዚያው ዓሣውን ሰነጠቀው። አንጀቱን ጎትቶ ለባሕር ወፎች ወረወረው፤ ወፎቹ እየተጯጯኹ ተናጠቁት። ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ አንዲት ወይዘሮ አፍንጫዋን ይዛ "ኬ ስኪፎ!" ብላ ከአጠገባችን ተነሳች። እንዴት ያስጠላል ማለቷ ነው። እሷስ ስለ ዓሣው ነው ያለችው። እኔን ያስጠላኝ እኔው ራሴ ነኝ፣ ጭብጨባዬ ነው፣ "ከዚያስ?" እያልኩ ማስወራቴ ነው። ወጉን አልረግምም፤ እትዬ ልክ ነበሩ፣ ዛሬም ልክ ናቸው እላለሁ። ግን ወጉን የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚውጥ ማንም አይነግርሽም። ሲኞራዋ ቤት ገብቼ እጄን በሎሚ አጠብኩ፣ በሳሙና አጠብኩ፣ ወለል በምወለውልበት ቫሬኪና ሁሉ አጠብኩት። ቆዳዬ ተላጠ፣ ሽታው አልለቀቀም።

እሑድ ጠዋት እትዬ ቤት ተሰበሰብን። መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው ወጉ፤ እሷ ግን ከሲኞራዋ ቤት የምትወጣው ቁርስ አቅርባ ነው፣ እትዬም በዚያ ሲበሳጩ አነጉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። መርከበኛው ጥግ ይዞ ጫማውን ያያል። የደረጃው በር ሲከፈት ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን።

ድስት ይዛ ገባች። ዓሣውን ሠርታው ነው፣ በበርበሬ፣ በሽንኩርት፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ። "በሩ ላይ ይሄ ሁሉ ጫማ ምንድን ነው?" እያለች ገባችና ቀና አለች። ነጠላዎቹን አየች።

"ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ" አሉ እትዬ።

አልተቀመጠችም። "ወንድሜን ነው?" አለች። በዚያ ዘመን የሚሞተው ወንድ ነበር። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይደለም።

"አባቴን ነው? ገደሉት?"

እትዬ አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። የምትጠራው አንድ ሰው ብቻ ቀርቷታል፤ አልጠራቻቸውም። ዓይኗ ሰዉን ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

"ሐሙስ ታውቂ ነበር?"

"አዎ" አልኩ።

"እዚያ ያስመለሰሽ... ለዚህ ነው?"

"አዎ።"

ድስቱን እንዳይፈስ ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው። መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

"እኔን ይድፋኝ፣" አለችኝ፣ "ያን ሁሉ ሰዓት ብቻሽን ይዘሽው ዋልሽ?"

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።